ከደመወዛችን የሚቆረጠው የት ደረሰ?

ናይሮቢ ውስጥ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ሁሉ፣ ወር በገባ እስከ 9ኛው ቀን ድረስ ካለፈው ወር ደመወዝ የቆረጠውን ገቢ ማድረግ አለበት፤ ግብሩን፣ የጤና መድኑን፣ የቤት ልማት መዋጮውንና የጡረታውን። እኔ ጊጊሪ ውስጥ ለመሥሪያ ቤቶች ምግብና ጽዳት በሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት ደመወዝ የምሠራ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ማኅበራዊ ዋስትና ሲባል ብዙ ሰው ባንክ ቤት ደጃፍ የተሰለፉ አዛውንቶችን ያስባል። እኔ ግን መጀመሪያ የሚታየኝ ፔይስሊፕ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት። ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰች የጽዳት ሠራተኛ ወረቀት ላይ፣ ለጡረታ ይህን ያህል ሽልንግ ተቀነሰ የምትል መስመር። ልጅቷ ያንን ገንዘብ እስክታገኘው ሠላሳና ከዚያም በላይ ዓመት ይቀራታል። እስከዚያው ገንዘቧን የሚይዙላት የማታውቃቸው ሰዎች ናቸው። የአፍሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋማት አስተዳደር ይሻሻል፣ አገልግሎታቸው ይቀልጥፍ ሲባል ጥያቄው በአጭሩ ይኸው ነው፤ እነዚያ ሰዎች አደራውን እንዴት ይዘውታል? የሚገባን ቀን ሲደርስስ በስንት ቀን ይሰጡናል?

ጊጊሪ ይህንን ጥያቄ ለመመርመር የሚያመች ሰፈር ነው። ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተሰሜን፣ ካሩራ ደን ጥግ ይገኛል። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ 140 ኤከር ላይ ተንጣልሎበታል፤ የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራሙና ዩኤን ሃቢታት ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚሁ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲም፣ መሐል ከተማ የነበረው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1998 በቦምብ ከተመታ በኋላ፣ ወደዚሁ ሰፈር መጥቷል። የኤምባሲዎችና የአምባሳደሮች መኖሪያ አጥር ተከታትሎ የሚሄድ ነው። በእነዚያ አጥሮች ዙሪያ ደግሞ ዘበኞች፣ አትክልተኞች፣ ሾፌሮች፣ ወጥ ቤቶችና ሞግዚቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ማታ የሚገቡት ሩንዳ ጥግ ወዳለችው የቆርቆሮ ሰፈር፣ ወደ ጊቶጎሮ ነው።

እዚህ አንድ መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚተላለፉ ሰዎች የሚጠብቃቸው እርጅና የተለያየ ነው። ግቢው ውስጥ በድርጅቱ የተቀጠረው ሰው የተባበሩት መንግሥታት የሠራተኞች የጋራ ጡረታ ፈንድ አባል ነው። ለጡረታ ከሚታሰበው ደመወዝ ሠራተኛው 7.9 በመቶ፣ ድርጅቱ 15.8 በመቶ ያስገባሉ፤ በድምሩ 23.7 በመቶ ማለት ነው። ከአጥሩ ውጭ የቆመው፣ በጥበቃ ድርጅት የተቀጠረው ዘበኛ የኬንያ ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድ፣ እዚህ ሁሉም በምህጻሩ ኤንኤስኤስኤፍ የሚለው፣ አባል ነው፤ እሱ 6 በመቶ፣ አሠሪው 6 በመቶ። ከመንገዱ ማዶ ሻይና ማንዳዚ የምትሸጠው ሴት ራሷ ካላጠራቀመች በቀር የሚያጠራቅምላት የለም።

ከባለጸጋው ልጀምር። የተባበሩት መንግሥታት ፈንድ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ያለ፣ በብዙ ቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር የያዘ ተቋም ነው። እንዲህ ያለ ተቋም ጡረተኛ ያጉላላል ብሎ የሚገምት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 አሮጌውን የኮምፒዩተር ሥርዓት በአዲስ ሲተካ ግን ሥራው ተቆለለ። አዲስ ጡረታ የወጡ ሰዎች፣ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው፣ ወላጅ ያጡ ልጆች ለወራት ያለ ክፍያ ተቀመጡ። ገንዘቡ ሳይጠፋ፣ ፈንዱም ሳይከስር፣ ወረቀቱ ስላልተነቃነቀ ብቻ ሰው የቤት ኪራይ አጣ። የሠራተኛ ማኅበራት ጮኹ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 መዘግየቱ እንዳሳሰበው በውሳኔ አስታወቀ።

እኔን የሚያስተምረኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፈንዱን የሚቆጣጠረው ቦርድ 33 አባላት አሉት፤ አንድ ሦስተኛው ከመንግሥታት ወገን፣ አንድ ሦስተኛው ከድርጅቶቹ ኃላፊዎች፣ አንድ ሦስተኛው ከሠራተኞቹ። አደረጃጀቱ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ነገር ግን ክፍያውን የሚመራው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የዚያው የሚቆጣጠረው ቦርድ ጸሐፊም ነበር። አጀንዳውን የሚያዘጋጀው፣ ሪፖርቱን ለቦርዱ የሚያቀርበው፣ በሪፖርቱም የሚገመገመው አንድ ሰው ነው። ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሁለቱ ሥራዎች እንዲለያዩ ወሰነ። የአዲስ ባለመብት ጉዳይ በ15 የሥራ ቀን ውስጥ ያልቅ እንደሆነ ይለካል፤ ውጤቱም ለቦርዱ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ጡረተኛው በሕይወት መኖሩን በስልኩ ካሜራ ፊቱን አሳይቶ ማረጋገጥ ይችላል። ቀድሞ በየዓመቱ ወረቀት በፖስታ ይላክ ነበር፤ ወረቀቱ መንገድ ላይ ከቀረ ወይም ተፈርሞ ካልተመለሰ ክፍያው ይቆማል። የፖስታ ሣጥኑ ከቤቱ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚርቅበት ጡረታ የወጣ ሾፌር ይህ ለውጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

አሁን ወደ ዘበኛው እንምጣ፤ የእኔም የዕለት ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ኤንኤስኤስኤፍ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ለረጅም ዘመን ሠራተኛው በወር 200 ሽልንግ፣ አሠሪውም 200 ሽልንግ ያስገቡ ነበር። ሥራ አስኪያጁም 200፣ ተላላኪውም 200። በዚህ ሒሳብ አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ሳያቋርጥ ቢሠራ፣ ወለዱ ሳይታሰብ፣ የሚጠራቀምለት 144,000 ሽልንግ ነው። በዛሬው ናይሮቢ ይህ ለአንድ ቤተሰብ የአንድ ዓመት ወጪ እንኳ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2013 መዋጮውን ከደመወዝ ጋር በመቶኛ የሚያያይዝ አዲስ ሕግ ወጣ፤ ግን በክስ ታስሮ ቆይቶ ሥራ ላይ የዋለው ገና እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ነው። ከዘጠኝ ዓመት በላይ! በእነዚያ ዓመታት ጡረታ የወጣው ሠራተኛ በማን ስህተት እንደተጎዳ የነገረው ሰው የለም። ሕግ አውጥቶ አለመፈጸምም የአስተዳደር ጉድለት መሆኑ ሊረሳ አይገባም።

ፔይስሊፑን እንየው። በወር 20,000 ሽልንግ የሚያገኝ ዘበኛ ዛሬ ለጡረታ 1,200 ሽልንግ ይቆረጥበታል፤ አሠሪው ሌላ 1,200 ይጨምርለታል። ለማኅበራዊ ጤና መድን 2.75 በመቶ፣ ማለትም 550 ሽልንግ፤ ለቤት ልማት 1.5 በመቶ፣ ማለትም 300 ሽልንግ ይሄዳል። የገቢ ግብር በዚህ ደመወዝ ላይ አይደርስበትም። እጁ ላይ የሚቀረው 17,950 ነው። ድሮ 200 ሽልንግ ይቆረጥበት የነበረ ሰው አሁን 1,200 ሲቆረጥበት ምን እንደሚል ልነግራችሁ አያስፈልግም፤ ደመወዝ በወጣ ቁጥር ጠረጴዛዬ ፊት የሚቆሙት ብዙ ናቸው። በአሁኑ መጠን ሠላሳ ዓመት ቢጠራቀም፣ ያለ ወለዱ 864,000 ሽልንግ እንደሚሆን አስልቼ አሳያቸዋለሁ። ቁጥሩን አይጠሉትም። ጥያቄያቸው ሌላ ነው፤ «ያን ጊዜ ይኖራል ወይ?» ይሉኛል።

ይህን የሚሉት እንዲያው በከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ዩሮ ባንክ የሚባል የኬንያ ባንክ ሲዘጋ የፈንዱ ገንዘብ፣ ከ250 ሚሊዮን ሽልንግ በላይ፣ እዚያው ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዲስካውንት ሴኩሪቲስ በተባለ የአክሲዮን ደላላ ድርጅት ውድቀት ከአንድ ቢሊዮን ሽልንግ በላይ ሌላ ኪሳራ ደረሰ። መሬትና ሕንፃ ላይ የፈሰሰው ገንዘብም ለዓመታት የፓርላማና የኦዲተር መነጋገሪያ ነበር። የሠራተኛው አደራ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ማን ነው? በምን መስፈርት? ከተሳሳተስ ማን ይጠየቃል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ፍለጋ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ የጡረታ ፈንዶችን ሁሉ የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁማ ነበር፤ ሁለቱ ኪሳራዎች የደረሱት ግን ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ ገንዘቡን የሚያስተዳድሩት ፈቃድ ያላቸው ባለሙያዎች ናቸው፤ ንብረቱን የሚይዘው ሌላ ነው፤ የሚቆጣጠረው ሌላ ነው። የሰው ልብ ግን ሕግ በሚወጣበት ፍጥነት አይመለስም፤ ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ድረስ ጠረጴዛዬ ፊት ይነሣል።

አንድ ነገር ጠጋ ብለን እንይ። በምሠራበት ሕንፃ በር ላይ የሚቆሙ፣ ዕድሜያቸው ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ ሁላችንም ምዜ የምንላቸው ዘበኛ አሉ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በላስቲክ የጠቀለሉትን ወረቀት ይዘው መጡ። ቀድሞ የሠሩበት የጥበቃ ድርጅት የሰጣቸው ፔይስሊፖች ናቸው፤ አንድም አልጣሉም። ሒሳባቸውን በስልክ ከፍተን ከወረቀቱ ጋር ወር በወር ማመሳከር ጀመርን። መጀመሪያ ላይ እየገጠመ መጣ። ከዚያ አንድ ወር ባዶ፤ ቀጥሎ ያለውም ባዶ፤ የሚቀጥለውም። ፔይስሊፑ ላይ ተቆርጧል ይላል። ፈንዱ ጋ አልደረሰም። ምዜ መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ ከዚያ ወረቀቱን በጣታቸው ነካ ነካ እያደረጉ፣ «ይኸው ቆርጠዋል እኮ» ብቻ አሉ።

ከደመወዝ የተቆረጠ የጡረታ ገንዘብ አሠሪው ኪስ ሲቀር ያ ስርቆት ነው። ሌላ ስም ሊሰጠው አይገባም። በኬንያው ሥርዓት ደግሞ ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሠራተኛው መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ያጠራቀመውንና የተጨመረለትን ወለድ ነው። የጎደለ ወር ከነወለዱ የጎደለ ነው። ምዜ ወረቀቱን ይዘው ወደ ፈንዱ ቢሮ ሄዱ፤ ከብዙ ምልልስ በኋላ የተወሰኑት ወራት ተመዘገቡላቸው፤ የቀሩት ገና በክርክር ላይ ናቸው። ፔይስሊፖቹን ጥለዋቸው ቢሆን ኖሮ ምንም የሚከራከሩበት አልነበራቸውም። እሳቸው ያዩት ሒሳቡ በስልክ ስለሚታይ ነው። ሒሳቡን ለማየት የግድ መሐል ከተማ ድረስ ሄዶ መሰለፍ ቢኖር ኖሮ፣ ፈረቃ የሚሠራ ዘበኛ መቼ ሄዶ ያየዋል? ለእኔ አገልግሎት ማሻሻል ማለት ይኸ ነው፤ ባለቤቱ ገንዘቡን በፈለገ ጊዜ እንዲያይ ማድረግ። ሁዱማ ሴንተር የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የተከፈቱት የአንድ መስኮት አገልግሎት መስጫዎችም በዚህ ረገድ ትልቅ ውለታ ውለዋል፤ መታወቂያና የጡረታ ጉዳይ አንድ ጣሪያ ሥር ያልቃል።

ስለ አገሬም እንዲሁ በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። በኢትዮጵያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209 ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛው ግን እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ጠበቀ፤ አዋጅ ቁጥር 715 ሲወጣ ነው ጡረታ መብቱ የሆነው። በ2014 ዓ.ም. ሁለቱም ሕጎች በአዋጅ 1267 እና 1268 ታድሰዋል። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ ይገባል፤ ከኬንያው 12 በመቶ ይበልጣል። አከፋፈሉም የተለየ ነው። በኢትዮጵያ ጡረታው የሚሰላው ባጠራቀሙት ሳይሆን ባገለገሉበት ዘመን ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ እስከ 70 በመቶ ይደርሳል። 25 ዓመት ያገለገለ፣ አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሰው 48.75 በመቶ፣ ማለትም በወር 4,875 ብር ያገኛል። ቢሞት ሚስቱ ግማሹን፣ 2,437 ብር ከ50 ሳንቲም ታገኛለች። ጡረታው ዕድሜ ልክ የሚከፈል ነው፤ ትልቅ መብት ነው።

የመብቱ ትልቅነት ግን አዛውንቷ ወረቀት ይዘው ከሚቆሙበት መስኮት ጋር ሲገናኝ ያንሳል። አባቴ መምህር ነበር፤ በተለያዩ ወረዳዎች አስተምሯል። ሲሞት እናቴ የተተኪ ጡረታ ለመጠየቅ ሰነድ መሰብሰብ ጀመረች፤ የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የአገልግሎት ማስረጃ። ስሙ በአንዱ ወረቀት በ«ሠ»፣ በሌላው በ«ሰ» ተጽፏል። የትውልድ ዘመኑ መጀመሪያ ሲቀጠር በሞላው የሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ አንድ፣ በኋላ በወጣው ሰነድ ላይ ሌላ ነው። በሕጉ የሚጸናው መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ነው፤ ስለዚህ ያ አሮጌ ፎርም መገኘት ነበረበት፤ ፎርሙ ደግሞ መጀመሪያ ያስተማረበት ወረዳ መዝገብ ቤት ነው። የአንዲት ፊደል ልዩነት ፍርድ ቤት አስኬዳት። መስኮት ላይ ያሉት ልጆች «እማማ፣ እኛ ምን እናድርግ? ከዚያ ማስረጃ ካልመጣ…» ይሏታል። ልጆቹን አልወቅስም። አባቴ በየወሩ ሲቆረጥበት ፊደሉን የጠየቀው አልነበረም፤ ገንዘቡን ለመቀበል አንዱም ፊደል ይበቃ ነበር። ማስረጃ የተፈለገው ለመክፈል ሲሆን ነው።

ይህ ሊታረም የሚችል ነገር ነው። ማስረጃውን ሰው በሕይወት እያለ፣ ገና በሥራ ላይ ሳለ አጥርቶ መያዝ ይቻላል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል፤ የጡረታ መለያ ቁጥርና ፋይዳ ቁጥር ከተሳሰሩ የ«ሠ»ና የ«ሰ» ጣጣ ያከትማል። በ2017 ዓ.ም. የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎትም ከሁዱማ ሴንተር ጋር ተመሳሳይ ሐሳብ ነው። እዚያ ቀዳሚ መስኮት ማግኘት ያለባቸው ቆመው መዋል የማይችሉት፣ ባለ ጡረታዎቹ፣ ናቸው ብዬ አምናለሁ።

ሌላው የአገራችን ጉዳይ ገንዘቡ የዋለበት ቦታ ነው። የጡረታ ፈንዶቻችን ለረጅም ዘመን ገንዘባቸውን በአብዛኛው የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ያውሉ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የጨረታው አሠራር እስኪሻሻል ድረስ ሰነዱ የሚያስገኘው ወለድ ከሁለት በመቶ ያነሰ ነበር። የዋጋ ንረቱ በዚያን ጊዜ ባለ ሁለት አኃዝ ነው። መቶ ብር በዓመቱ መቶ ሁለት ብር እንኳ ሳይሞላ፣ መቶ ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ መቶ አሥራ አምስትና ከዚያ በላይ ገባ ማለት ነው። እንደ ኬንያው ዩሮ ባንክ የተዘጋ በር፣ የጋዜጣ ርዕስ የሆነ ቅሌት የለም፤ ገንዘቡ ግን በየዓመቱ አነሰ። ይህን ውሳኔ የወሰነ ሰው ለሠራተኛው ቀርቦ ያስረዳበትን መድረክ አላስታውስም። አሁን የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ነዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ የጡረታ ገንዘብ በሌሎች መስኮች ሊሠራ የሚችልበት ዕድል እየሰፋ ነው። ዕድሉ ሲሰፋ አደጋውም ይሰፋል። ስለዚህ የኬንያን ስህተት እኛ እንዳንደግመው፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት፣ ማን እንደሚወስንና ማን እንደሚቆጣጠር በግልጽ መታወቅ አለበት።

የእድር አባል የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በእድር ገንዘብ ያዡ ሌላ ነው፣ ጸሐፊው ሌላ ነው፣ ሰብሳቢው ሌላ ነው። ሒሳብ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ማንኛዋም አሮጊት እጇን አውጥታ «ባለፈው የተገዛው ድንኳን ስንት ነው?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። ሰው ሲሞትም ገንዘቡ በዕለቱ ይደርሳል። እንደ እድሩ ሁሉ፣ የኬንያ ጎረቤት የሆነችው የኡጋንዳ ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ፈንድም በዓመት አንድ ጊዜ የአባላት ስብሰባ ጠርቶ፣ በዚያ ዓመት ለአባላቱ ሒሳብ የሚጨመረው ወለድ ስንት እንደሆነ በአደባባይ ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. ለ2022/23 የበጀት ዓመት 10 በመቶ፣ ለተከታዩ ዓመት 11.5 በመቶ ነበር። ኡጋንዳውያን ስለ ፈንዳቸው አይጣሉም ማለት አይደለም፤ ፓርላማቸው ራሱ የፈንዱን አስተዳደር የመረመረበት ጊዜ አለ። ግን የሚጣሉበት ቁጥር በእጃቸው ነው። የእኛ አገር ሠራተኛ ፈንዱ በዓመቱ ስንት አተረፈ፣ ለአስተዳደር ስንት አወጣ ቢባል ምን ብሎ ይመልሳል? ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ነው የሆነበት።

ዓለም አቀፉ የማኅበራዊ ዋስትና ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1927 ጀምሮ የተቋማቱ ኅብረት ነው፤ ለመልካም አስተዳደርና ለአገልግሎት ጥራት መመሪያ አዘጋጅቷል፤ የአፍሪካ ተቋማት መድረኩንም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 አዲስ አበባ ላይ አካሂዷል። መመሪያው ስለ ቦርድ ነፃነት፣ ስለ ኦዲት፣ ስለ አገልግሎት መለኪያ በዝርዝር ይናገራል። ሁሉም መልካም ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ብቻ ምረጥ ብባል፣ ከሞት ማስረጃ እስከ መጀመሪያው ክፍያ ያለፈው ቀን ብዛት በየወሩ ይታተም እላለሁ። ቦርዱ ይሠራ አይሠራ፣ ኮምፒዩተሩ ይናበብ አይናበብ፣ መዝገብ ቤቱ ይስተካከል አይስተካከል በዚያ ቁጥር ላይ ይታያል።

የሻይ ሻጯን ነገር አልጨረስኩም። እንደ ዓለም የሥራ ድርጅት ስሌት እ.ኤ.አ. በ2023 ቢያንስ አንድ ዓይነት የማኅበራዊ ጥበቃ ድጋፍ የሚያገኘው የዓለም ሕዝብ 52.4 በመቶ ሲሆን፣ በአፍሪካ 19.1 በመቶ ነው። አብዛኛው አፍሪካዊ ፔይስሊፕ የለውም። ኬንያ ለእንዲህ ያሉ ሰዎች ሃባ ሃባ የሚባል መንገድ ከፍታለች፤ በቀን ከ25 ሽልንግ ጀምሮ በኤምፔሳ የሞባይል ገንዘብ ወደ ኤንኤስኤስኤፍ ማስገባት ይቻላል። ሩዋንዳም ኤጆ ሄዛ የተባለ ተመሳሳይ የረጅም ጊዜ ቁጠባ አላት። በእኛም ሕግ በግሉ የሚሠራ ሰው በፈቃዱ የጡረታ አባል መሆን ይችላል፤ ስንቱ ያውቀዋል? ሻይ ሻጯን ጠይቄያት ነበር። 25 ሽልንግ አይከብዳትም፤ በቻማ፣ በእኛው እቁብ፣ ከዚያ በላይ ትጥላለች። «የቻማውን ገንዘብ ያዥ ቤቷን አውቀዋለሁ» አለችኝ። እንዲህ ያለች ሴት አባል እንድትሆን ማስታወቂያ ብቻ አያሳምናትም፤ ባስገባች በዚያው ቅጽበት ስልኳ ላይ የሚገባ ደረሰኝ፣ ችግር ሲገጥማት የሚመልስላት ሰው፣ ጎረቤቷ ጡረታውን በጊዜው ሲያገኝ ማየት ነው የሚያሳምናት።

ይህን የምታነቡ በኢትዮጵያ ያላችሁ ሠራተኞች፣ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ዛሬ ከመሥሪያ ቤታችሁ ጠይቁ፤ ስማችሁ፣ የትውልድ ዘመናችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁና የልጆቻችሁ ስም እንዴት እንደተመዘገበ በዓይናችሁ እዩ፤ ስህተት ካለ እናንተ በሕይወት እያላችሁ ይታረም። ኬንያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ የኤንኤስኤስኤፍ ሒሳባችሁን ከፔይስሊፓችሁ ጋር በየወሩ አመሳክሩ፤ ወረቀቱንም አትጣሉ። አገሩን ለዘለቄታው ለቃችሁ የምትወጡም፣ ፈንዱ ከኬንያ ለሚወጡ አባላት የሚከፍለው ክፍያ እንዳለ እወቁና ከመሄዳችሁ በፊት ጠይቁት፤ የራሳችሁ ገንዘብ ነው። አሠሪዎችም፣ 9ኛው ቀን ሳያልፍ ገቢ አድርጉ።